የአብሩዚው መስፍን፤ ከሩዌንዞሪ በረዶ እስከ ዋቢ ሸበሌ ዳር

ከነቀምቴ አምባ የሚወርደው የክረምት ውሃ በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚያው ከወለጋ ምድር፥ ከቄለም በኩል የሚነሣው ግን በብርብር ወደ ባሮ፥ በባሮም ወደ ነጭ ዓባይ ያልፋል። ከነቀምቴ በስተ ደቡብ ምዕራብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ዛሬ ኡጋንዳና ኮንጎ በሚዋሰኑበት ስፍራ የቆመው የሩዌንዞሪ ተራራም ለዚሁ ለነጭ ዓባይ የሚገብር ነው፤ ልዩነቱ ከዝናቡ ጋር የቀለጠ በረዶም መላኩ ነው። ሁሉም ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። የወለጋ ሰው የዝናብን ነገር የሚማረው ከሌላ አይደለም፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት አገር መንገድ የሚቀይስና ድልድይ የሚያቆም መሐንዲስ ከሥራው ሁሉ አስቀድሞ የሚያሰላው ወቅቱን ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ያለውን በረዶ ሊወጣ ተነሥቶ ወቅቱን በትክክል ያሰላ፥ ስለዚህም ሌሎች የተመለሱበትን ተራራ የወጣ ሰው ሉዊጂ አሜዴኦ ነው፤ በማዕረግ ስሙ የአብሩዚ መስፍን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊጂ አሜዴኦ በጥር 29 ቀን 1873 በማድሪድ ከተማ ተወለደ። አባቱ አሜዴኦ የኢጣልያው ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ልጅ ሲሆን፥ ስፔኖች ጠርተው በዙፋናቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ወር ሳይሞላ አባቱ ዘውዱን ለቀቀ፤ ቤተ ሰቡም ወደ ቱሪን ተመለሰ። እናቱ በ1876 ስትሞት ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት አደገ። ዙፋን የማይደርሰው ልዑል በመሆኑ፥ ሕይወቱን በምን ሥራ እንደሚሞላ ራሱ መፈለግ ነበረበት። ከቱሪን በስተ ሰሜንና ምዕራብ የሚታዩት የአልፕስ ተራሮች መልሱን ሰጡት። በ1894 ከእንግሊዞቹ ከማመሪና ከኮሊ ጋር ማተርሆርን የተባለውን ተራራ በአስቸጋሪው በጽሙት ሸንተረር በኩል ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 31 ቀን 1897፥ በአላስካ የሚገኘውን 5,489 ሜትር ከፍታ ያለውን የቅዱስ ኤልያስ ተራራ ከሁሉ አስቀድሞ ረገጠ። በ1899 ደግሞ ስቴላ ፖላሬ በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ዘመተ። በዚያ ሲከርም ብርዱ የጣቶቹን ጫፍ ስለ ወሰደበት ወደ ዋልታው የሚደረገውን የመጨረሻ ጉዞ ለባልደረባው ለኡምቤርቶ ካኚ ለቀቀ፤ ካኚም በሚያዝያ 1900 ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበትን 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ነካ። ልዑሉ ለክብሩ ሲል የቆሰለ እጁን ይዞ አለመሄዱ በኋላ ለሚታየው ጠባዩ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

በሞቃት አገር በረዶ አለ መባሉን የአውሮፓ ሊቃውንት ለመቀበል እጅግ ዘግይተዋል። ጥንታዊው በጥሊሞስ የዓባይ ምንጭ የጨረቃ ተራሮች ከተባሉት እንደሚወጣ ጽፎ ነበር። በ1848 ሚሲዮናዊው ሬብማን የኪሊማንጃሮን በረዶ ማየቱን፥ በተከታዩም ዓመት ባልደረባው ክራፕፍ የኬንያን ተራራ ማየቱን ሲናገሩ፥ ለንደን ተቀምጠው ካርታ የሚያርሙ ሰዎች ዓይናቸው ተታሎ ነው ብለው አጣጣሏቸው። ይህ ክራፕፍ ቀደም ሲል በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አደባባይ የኖረ፥ በአገራችንም ታሪክ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። ስታንሊ በ1888 የሩዌንዞሪን ነጭ ራስ ካየ በኋላ ግን ክርክሩ ተዘጋ። የቀረው ጥያቄ ከፍታው ስንት ነው፥ ጫፉስ የትኛው ነው የሚለው ነበር። ይህን መመለስ ቀላል አልሆነም። ተራራው ከዓመት እስከ ዓመት በጉም ስለሚሸፈን ከሥሩ ለብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሰዎች እንኳ አንድ ጊዜ ሳያዩት የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። በ1905 ዳግላስ ፍሬሽፊልድ የተባለው የታወቀ እንግሊዛዊ ተራራ ወጪ ከጓደኛው ጋር ሄዶ ዝናብና ጭጋግ መለሰው።

ልዑሉ ጥናቱን የጀመረው ከእነዚህ ሰዎች ውድቀት ነው። ከእርሱ በፊት የሄዱት ማን በየትኛው ወር እንደ ሄደ፥ ምን ያህል ቀን እንደ ዘነበበት ዘገባቸውን መረመረ። ሩዌንዞሪ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት፥ በመካከላቸውም ሁለት አጫጭር ጋብ የሚሉ ወራት አሉት፤ አንደኛው ጋብታ በሰኔና በሐምሌ ገደማ ይውላል። የወለጋ ክረምት በሚበረታበት ሰሞን እዚያ ይቀላል ማለት ነው። ጉዞውን በዚህ ላይ ሠራው። ቡድኑ በሚያዝያ 1906 ከናፖሊ ተነሥቶ በሞምባሳ ወረደ፤ በባቡር እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ፥ በመርከብ እስከ ኢንቴቤ፥ ከዚያም በእግር እስከ ፎርት ፖርታል ተጓዘ። ፎቶግራፍ አንሺው ቪቶሪዮ ሴላ፥ የመሬት አጥኚው ሮካቲ፥ ሐኪሙ ካቫሊ ሞሊኔሊና ከአልፕስ መንደሮች የመጡት መሪዎች ጆሴፍ ፔቲጋ፥ ሴዛር ኦሊዬና ጆሴፍ ብሮሽረል አብረውት ነበሩ።

ከሥሩ እስከ በረዶው ያለው መንገድ በራሱ ፈተና ነበር። የሞቡኩ ሸለቆ ረግረግ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ከፍ ሲሉ አስታው ዛፍ አክሎ፥ ሙሽ ለብሶ ያድጋል፤ ከዚያም በላይ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከምናውቀው ጅብራ ጋር የሚዛመደው ተክል እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ከቆላ የመጡት ሸካሚዎች ብርዱን ሊችሉት ስላልቻሉ፥ ሸክሙን ወደ ላይ ያደረሰው የተራራው ተወላጅ የሆነው የባኮንጆ ሕዝብ ነው። ከእነዚህ ሰዎች የአንዱም ስም በተራራው ካርታ ላይ አልገባም፤ ያለ እነርሱ ግን አንዲት ድንኳን እንኳ ወደ በረዶው ጠርዝ ባልደረሰች ነበር። የመሠረቱ ሰፈር ቡጆንጎሎ በሚባል፥ 3,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የገደል ጥላ ሥር ተተከለ። የነቀምቴ ከተማ ከፍታ ከዚህ በግማሽ እምብዛም አይበልጥም፤ የወለጋው ቱሉ ወለልም ከጫፉ ወደ 500 ሜትር ያህል ቢጨመርበት ነው ይህን ሰፈር የሚደርሰው።

በምድር ወገብ ያለ ግግር በረዶ ከአውሮፓው በጠባዩ ይለያል። በአልፕስ ተራሮች ብርዱና ሙቀቱ በወራት ይፈራረቃሉ፤ ወጪው ሰው የበጋውን ወር መርጦ ይሄዳል። በሩዌንዞሪ ግን በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ሲሆን፥ ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። በረዶው ሌሊቱን ይደድራል፤ ቀኑን ይፈታል፤ ይህም ዓመቱን ሙሉ በየዕለቱ ይደጋገማል። ስለዚህ የሸንተረሮቹ ጠርዝ ወደ ገደሉ አልፎ እንደ ጣራ ክፈፍ ይንጠለጠላል፤ ቀን የቀለጠው ውሃ ሌሊት እየረጋ ከሥሩ እንደ ዓምድ ይቆማል። የግንባታ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ብረትም ሆነ ድንጋይ ሸክም የሚችለው ከመቅለጫው እጅግ ርቆ ነው፤ በሞቃት አገር ያለ በረዶ ግን የሚረገጠው በመቅለጫው ነጥብ ላይ ወይም ለጥቂት ፈቀቅ ብሎ ነው። ጠዋት የቻለውን ሸክም ከቀትር በኋላ ላይችል ይችላል። መለኪያው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሰዓትም ነው።

በሰኔ 18 ቀን 1906 ማለዳ ልዑሉ ከሦስቱ መሪዎች ጋር ጉዞ ጀመረ። ጉሙ በየጊዜው እየከደነ ይገልጥ ነበር። መጀመሪያ አሌክሳንድራ ተብሎ የተሰየመውን ጫፍ ወጡ፤ ከዚያ በመካከል ወዳለው ዝቅታ ወርደው ወደ ከፍተኛው ጫፍ አቀኑ። ከጫፉ በታች የተንጠለጠለው የበረዶ ክፈፍ መንገዱን ዘጋባቸው። ኦሊዬ በረዶው ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ፔቲጋ ባለ ብረት ጫማውን እንደ ተጫማ በባልደረባው ትከሻ ላይ ወጥቶ ክፈፉን ያዘና ሌሎቹን በገመድ ሳበ። ጫፉ ለኢጣልያዋ ንግሥት መታሰቢያ ማርጌሪታ ተባለ። ሌሎቹንም ተራሮች በተከታታይ ቀናት እየወጡ በስታንሊ፥ በስፒክ፥ በቤከር፥ በኤሚንና በጄሲ ስም ሰየሟቸው። ከእነዚህ አንዱን ቶምሰን ለተባለው አሳሽ መታሰቢያ ሊያደርገው አስቦ ሳለ፥ የለንደን ጂኦግራፊ ማኅበር የልዑሉ የራሱ ስም እንዲሰጠው አደረገ።

መውጣቱ ዝና አመጣለት፤ ለሙያ ሰው ግን ከመውጣቱ ይልቅ ልኬቱ ይበልጣል። በቡጆንጎሎ ባሮሜትር ተተክሎ በየዕለቱ ይነበብ ነበር፤ ከጫፎቹ የመጣው ንባብም ከዚያ ጋር እየተመሳከረ ተሰላ። ለማርጌሪታ የተገኘው ቁጥር 5,125 ሜትር ሲሆን፥ ዛሬ የታወቀው ከፍታ 5,109 ሜትር ነው። ስሕተቱ 16 ሜትር፥ ማለትም ከሺህ ሦስት እጅ ያህል ነው። በጀርባ ተሸክመው በወሰዱት መሣሪያ፥ በጉምና በዝናብ መካከል ለተሠራ ሥራ ይህ ሊያስከብር የሚገባ ውጤት ነው። ካርታውና የሴላ ፎቶግራፎች ተራራውን ከአፈ ታሪክ አውጥተው በልክ የታወቀ አደረጉት፤ በኋላም የበረዶውን መቀነስ ለማወቅ የመጡ ሰዎች የሚያነጻጽሩት ከእነዚሁ ጋር ሆነ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፥ በ1909፥ ወደ ካራኮሩም ተራሮች ዘመተ። ዓላማው ከኤቨረስት ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ የሆነው ኬ 2 ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ሸንተረር በኩል ከ6,000 ሜትር በላይ ጥቂት ሄዶ፥ ሸካሚዎች ጭነት ይዘው ሊያልፉት እንደማይችሉ ባየ ጊዜ ተመለሰ። ያ ሸንተረር እስከ ዛሬ የአብሩዚ ሸንተረር ይባላል፤ በ1954 የራሱ አገር ሰዎች ተራራውን የወጡት በዚያው ነው። ልዑሉ ግን ስንቅና ጊዜ ስለ ቀረው ቾጎሊሳ ወደ ተባለው፥ ከፍታው 7,660 ሜትር ከሚያልፍ ተራራ ዞረ።

ሐምሌ ነበር፤ በእነዚያ ተራሮች የበጋ ሙቀት በግግር በረዶው ላይ የሚበረታበት ወር ነው። አዲስ የወረደው በረዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ በእግር ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ዳገቱም ላይ ከሆነ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ተላቆ በናዳ ሊሄድ ይችላል። በረዶና ጭጋግ እየተፈራረቁባቸው ለብዙ ቀናት በድንኳን ታግደው ከቆዩ በኋላ፥ ሐምሌ 18 ቀን ልዑሉ ከሦስት መሪዎች ጋር ተነሣ። ወደ ግራ ቢሉ በገደሉ ላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ክፈፍ፥ ወደ ቀኝ ቢሉ ናዳ የሚያሰጋው ለስላሳ ዳገት ነበር። በዚህ መካከል እየመረጡ 7,498 ሜትር ገደማ ደረሱ። ከዚያ በፊት ከዚህ ከፍ ያለ ስፍራ ላይ መድረሱ በልኬት የተረጋገጠለት ተራራ ወጪ አልነበረም፤ ጫፉም ከ200 ሜትር ያነሰ ቀርቶት ነበር። ጉሙ ግን ወፍሮ የክፈፉ ጠርዝ የት እንደሚያበቃ አልለይ አለ። ጉሙ ይገለጥ እንደ ሆነ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሳይገለጥ ቀረ። ልዑሉ ሰዎቹን ይዞ ወረደ።

በጊዜው ይህን እንደ ሽንፈት የቆጠሩት አልጠፉም። በጉም ውስጥ ያልታየው ጠርዝ ምን እንደሚያደርግ ግን ያው ተራራ ራሱ አስረዳ። በሰኔ 1957 ናንጋ ፓርባትን ብቻውን በመውጣት ስሙ የገነነው ኦስትሪያዊው ሄርማን ቡል በቾጎሊሳ ላይ ማዕበል ሲያገኘው ወደ ኋላ በመመለስ ላይ ሳለ የበረዶው ክፈፍ ከሥሩ ተቆርሶ ገደል ገባ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ልዑሉ በ1909 ያስመዘገበው ከፍታ እስከ 1922 የኤቨረስት ዘመቻ ድረስ ሳይበለጥ ቆየ። ከእርሱ ጋር በቾጎሊሳ የወጡት መሪዎች ሁሉ ወደ መንደራቸው በሰላም ተመልሰዋል።

ከዚህ በኋላ ታላላቅ ተራሮችን ተወ። ከአንዲት አሜሪካዊት ጋር ሊጋባ ነው ተብሎ ጋዜጦች ብዙ ቢጽፉም ሳያገባ ቀረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኢጣልያን መርከቦች አዘዘ፤ ከሰርቢያ የተሰደደውን ሠራዊት በአድሪያቲክ ባሕር በማሻገር ሥራ ተመሰገነ፥ በ1917 ግን ከአዛዥነቱ ወረደ።

የሕይወቱ የመጨረሻ ክፍል ከአገራችን ጋር የሚገናኝ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ ሶማሊያ ሄዶ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር፥ ዛሬ ጆሃር በሚባለው ስፍራ፥ በ1920 በተቋቋመ የእርሻ ማኅበር አማካይነት ግድብ ሠርቶ፥ ቦይ ቀዶ፥ ጥጥ፥ ሸንኮራ አገዳና ሙዝ አስተከለ። መንደሩ በስሙ ተጠራ። ሥራው በመስኖ ጥበብ የሚደነቅ ቢሆንም፥ መሬቱም ጉልበቱም የተገኘው በቅኝ አገዛዝ ሕግ ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች መሆኑን መዝለል አይገባም። ውሃ ያለ ምንጩ አይታወቅምና፥ በእርሻው ላይ የሚደርሰው ጎርፍና ድርቅ ከላይ፥ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚወሰን ተረዳ። በ1927 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱንና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ጎበኘ፤ በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በ1928 መጨረሻም ዋቢ ሸበሌን ከምንጩ ጀምሮ እስከ ሶማሊያ ድረስ እየለካ ሊከተለው ተነሣ፤ በ1929 መጀመሪያ ላይ ጨረሰ። ዕድሜው 55 ሞልቶ አልፎ ነበር።

ወንዙ የሚነሣባቸው የአርሲና የባሌ ደጋዎች በጥንት ዘመን ግግር በረዶ የነበረባቸው ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በባሌ ተራሮችና በአርሲው በበዳ ላይ በረዶው ገፍቶ ያከማቸውን ድንጋይ መርምረው፥ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት በረዶው ተስፋፍቶ እንደ ነበር ገምተዋል። በሩዌንዞሪ በረዶ ላይ የተራመደው ሰው በባሌ በረዶው የተወውን አፈር ረገጠ ማለት ነው። ከዚያ ደጋ የወረደው ውሃ በኦጋዴን በረሃ አድርጎ ሶማሊያ ይገባል፤ ከውቅያኖስ ጥቂት ሲቀረው ዞሮ በአብዛኛው ዓመት በረግረግና በአሸዋ ይጠፋል። ያን ወንዝ ኢትዮጵያ በራስዋ መሐንዲሶችና በረዳቶቿ እጅ ለመብራት የገደበችው በ1988 ነው፤ የመልካ ዋከና ጣቢያ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል።

ልዑሉ የማይድን ሕመም እንዳለበት ባወቀ ጊዜ ኢጣልያ መቆየትን ትቶ ወደ ሶማሊያ ተመለሰ። መጋቢት 18 ቀን 1933 በዚያው በወንዙ ዳር ባለው መንደር በ60 ዓመቱ ሞተ፤ እንደ ፈቃዱም በዚያ ተቀበረ።

የወዳጅነቱ ውል ከእርሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከሞተ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች፤ በደቡብ በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦርም መነሻው ሶማሊያ ነበረ። አንድ ወንዝ የት እንደሚሻገሩትና የት ውሃ እንደሚገኝ የሚያሳይ ልኬት፥ ለካው ሰው በምንም ሐሳብ ይለካው፥ አንዴ ከተጻፈ በኋላ የሚያነበውን አይመርጥም። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ ያረፉትን የኢጣልያ አይሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ከበው አቃጠሉ። ከሞቱት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮና አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙበታል። ሎካቴሊ በአንዴስ ተራሮች ላይ የበረረ፥ በ1924 በግሪንላንድ አጠገብ በባሕር በረዶ መካከል ወርዶ በመርከብ የተረፈ፥ ራሱም ተራራ ወጪ የነበረ የቤርጋሞ ሰው ነው። ከግሪንላንድ በረዶ አምልጦ በወለጋ ለምለም ሣር ላይ ቀረ። በዶሎሚቲ ተራሮች ያለ አንድ የተራራ ማረፊያ ቤት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በዚያ የሚያድሩት ተጓዦች ስለ ቦነያ ሰምተው ይሁን ማን ያውቃል።

የልዑሉ የወንድም ልጅ፥ በወጣትነቱ አጎቱን ተከትሎ ሶማሊያ የሄደው የአኦስታ መስፍን አሜዴኦ፥ በ1937 የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪቃ እንደራሴ ሆኖ መጣ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ተራራ ላይ ተከቦ እጁን ሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት ናይሮቢ በምርኮ ሳለ ሞተ።

ሩዌንዞሪ በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በልዑሉ ጊዜ 6.5 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የነበረው ግግር በረዶ ዛሬ ከአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ በታች ወርዷል። ሴላ በ1906 ፎቶግራፍ ያነሣባቸው ነጭ ዳገቶች በብዛት ጥቁር ድንጋይ ሆነዋል፤ የቀረውም በስታንሊ ተራራ ላይ፥ በማርጌሪታና በአሌክሳንድራ ሥር ነው።